የባህር ድንበር እየተካሰሱ አብሮ መስራት ይቻላል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ11 ዓመት መርከብ ላይ በዴክ ኦፊሰርነት ሰርቻለሁ፣ ከዛ የባህር ህግ ተምሬ አሁን እንጀራዬ እሱው ነው። ስለ ባህር ድንበር የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ዛሬ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ድንበሩ መለየት የለበትም እንዴ? ሳይለይ ምን ተብሎ ነው አብሮ የሚሰራው?

መልስ፦ የለበትም። ሁለት ወንድማማቾች የእርሻ ወሰን ቢካሰሱ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚለው ምንድነው? የደረሰው ጤፍ ይታጨድ፣ ክርክሩ ይቀጥላል። የ1982ቱ የባህር ህግ ስምምነትም አንቀጽ 74 እና 83 ላይ ይሄንኑ ነው ያስቀመጠው፣ አገሮቹ ወሰኑ እስኪለይ ድረስ ጊዜያዊ የስራ ስምምነት ለመፍጠር የተቻላቸውን ያድርጉ፣ ስምምነቱ ግን የመጨረሻውን ወሰን አይነካም ይላል። ይቺ "አይነካም" የምትለዋ ቃል ናት ሁሉን ነገር የምትይዘው። ዛሬ አብሬህ አሳ ስላጠመድኩ ነገ ፍርድ ቤት "ያኔ ተቀብለህ ነበር" አትለኝም ማለት ነው። እሷ ከሌለች ማንም መንግስት አይፈርምም፣ ምክንያቱም አገሩን ሸጠ ይባላላ።

ጥያቄ፦ ይሄ ወረቀት ላይ ነው። መሬት ላይ የሰራበት አገር አለ?

መልስ፦ አለ። ማሌዥያና ታይላንድን እይ። ሎሲን የምትባል የታይላንድ ቋጥኝ አለች፣ ከውሃው ትንሽ ብቅ ያለች፣ ላይዋ ላይ መብራት ቤት ከመትከል ውጪ ምንም የማይሰራባት። ታይላንድ ከሷ እንለካ አለች፣ ማሌዥያ ደግሞ ይቺ አትቆጠርም አለች፣ በዚህ ምክንያት 7,250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ባህር የሁለቱም ጥያቄ ያለበት ሆነ፣ ስሩ ደግሞ ጋዝ አለ። በ1979 ተቀምጠው ለ50 ዓመት ድንበሩን ተዉትና የሚገኘውን ነዳጅና ጋዝ ወጪውንም ገቢውንም እኩል ለመካፈል ፈረሙ። ግን ቶሎ የሄደ እንዳይመስልህ፣ ስራውን የሚመራውን የጋራ መስሪያ ቤት የሚያቋቁመው ስምምነት የተፈረመው በ1990 ነው፣ ጋዙ መውጣት የጀመረው ደግሞ በ2005። እኔን የሚገርመኝ ጋዙ ሳይሆን ሌላ ነው፣ እዛ ባህር ላይ በተተከለ የጋዝ ማውጫ ፕላትፎርም ላይ ሰው ቢደባደብ በማን ህግ ይከሰሳል የሚለውን ሳይቀር ያኔ በ1979 አስበውበት ለወንጀል ጉዳይ ብቻ የምታገለግል መስመር አስምረዋል፣ ይቺ መስመር ድንበር አይደለችም ብለውም ጽፈዋል።

ጥያቄ፦ እሺ ነዳጅ ቆሞ ይጠብቃል። አሳ ግን ይዋኛል፣ እንዴት ይካፈሉታል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ከሁሉም የምወደው የኖርዌይና የራሺያን ነው። ባረንትስ ባህር ላይ ኮድ የሚባል አሳ አለ፣ እንቁላሉን የሚጥለው ኖርዌይ ዳርቻ ሎፎተን አካባቢ ነው፣ ጫጩቶቹ በውሃው ሞገድ ተወስደው በብዛት የሚያድጉት ግን ወደ ምስራቅ ራሺያ በኩል ነው። አስበው እስኪ፣ ራሺያ ትናንሾቹን ሳያድጉ ከጨረሰቻቸው ኖርዌይ የምታጠምደው አይኖራትም፣ ኖርዌይ ሊወልዱ የመጡትን ከጨረሰች ደግሞ ራሺያ ጋ የሚያድግ የለም። ስለዚህ ቀዝቃዛው ጦርነት እያለ፣ አንዷ የኔቶ አባል አንዷ ሶቪየት ሆነው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጋራ የአሳ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ በየዓመቱ ተቀምጠው ስንት ቶን ይጠመድ የሚለውን ይወስናሉ። በ1978 ደግሞ ከሚወዛገቡበት ቦታ ከፊሉን የሚሸፍን ግራጫ ቀጠና የሚባል ፈጠሩ፣ እዛ ውስጥ ኖርዌይ የራሷንና እሷ ፈቃድ የሰጠቻቸውን መርከቦች ብቻ ትፈትሻለች፣ ራሺያም እንደዛው፣ አንዱ የሌላውን መርከብ አይነካም። ለአንድ ዓመት ነበር የታሰበው፣ በየዓመቱ እያደሱት ከ30 ዓመት በላይ ሄደ። ወሰኑ ራሱ በ2010 ሙርማንስክ ላይ ሲፈረም 175,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩን ግማሽ በግማሽ ገደማ ተካፈሉት፣ በሚቀጥለው ዓመት ስራ ላይ ዋለ። ከ2022 በኋላም በዩክሬን ጦርነት ሁሉ ነገር ተበላሽቶ እያለ የኮድ ኮታ መወሰናቸውን አላቋረጡም።

ጥያቄ፦ ቀይ ባህር ላይ ስላሉት የሃኒሽ ደሴቶች ንገረን። ኤርትራና የመን ምን ላይ ደረሱ?

መልስ፦ ይሄ ልቤ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ታህሳስ ወር 1995 ላይ ተታኮሱ፣ በ1996 ወደ ግልግል ዳኝነት ለመሄድ ተስማሙ፣ ዳኞቹ በ1998 ደሴቶቹን አከፋፈሉ፣ ዙቀርና ሃኒሽ ለየመን፣ ወደ አሰብ በኩል ያሉት እነ ሙሃባካ ለኤርትራ። በ1999 የባህር ወሰኑን አሰመሩ።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላኛው ክፍል አለ። ዳኞቹ ደሴቱ የማንም ይሁን የሁለቱም አገር ባህላዊ አሳ አጥማጆች እንደ ድሮው በነጻነት ያጠምዳሉ አሉ፣ በ1999 ደግሞ አብራሩት፣ ይሄ መብት በወሰን መስመሩ አይቆምም፣ አጥማጁ ማዶ ያለው ወደብ ገብቶ አሳውን ገበያ ላይ የመሸጥም መብት አለው። ትላልቅ የኢንዱስትሪ መርከቦችን አይመለከትም፣ ለትንሹ ሰው ነው።

ለምን ገበያውን ጨመሩት? ከጂዳ ወደ ጅቡቲ ስንወርድ ሃኒሽ አጠገብ በሌሊት ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ሁሪ የሚባሉት የአጥማጆቹ ጀልባዎች ትናንሽ ስለሆኑ ራዳር ላይ አይታዩም ወይ እንደ ማዕበል ነው የሚታዩት፣ በድንገት ፊትህ ላይ አንድ ሰው ቆሞ የእጅ ባትሪ እያወዛወዘ ታየዋለህ፣ እዚህ ነኝ እንዳትረግጠኝ ነው የሚልህ። ጀልባው ውስጥ ያለው አሳ የተቀመጠው በተፈጨ በረዶ ነው፣ በዛ ሙቀት በረዶው ሲያልቅ አሳው አለቀለት። ቅርብ ያለው ገበያ ማዶ ከሆነና እዛ ከተከለከለ የሳምንት ድካሙን ባህር ይደፋዋል። ዳኞቹ ይሄን ነው የተረዱት።

ችግሩ ፍርዱ ራሱ የኖርዌይና የራሺያ አይነት በየዓመቱ የሚቀመጥ ኮሚሽን አላቋቋመም። ከዛ ወዲህ የመን አጥማጆች በኤርትራ ተያዙ፣ ጀልባቸው ተወሰደ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ሰምተናል። መብቱ አለ፣ ግን ሁሪው የተያዘበት ሰው ነገ ጠዋት ስልክ የሚደውልበት ቢሮ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ቻይናና ፊሊፒንስስ ደቡብ ቻይና ባህር ላይ ለምን አቃታቸው?

መልስ፦ ሞክረው ነበር። በ2005 ከቬትናም ጋር ሶስት ሆነው የባህሩን ስር አብረው ለማጥናት የነዳጅ ኩባንያዎቻቸው ተፈራረሙ፣ በ2008 ሳይታደስ ቀረ፣ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2023 ህገ መንግስቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በመሃል በ2016 የግልግል ዳኞች ለፊሊፒንስ ፈረዱ፣ ቻይና አልቀበልም አለች። በኔ እይታ ዋናው ልዩነት፣ ማሌዥያና ታይላንድ የተጣሉበት ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ ተስማምተው ነበር፣ እዚህ ግን ክርክር ያለበት ቦታ ራሱ የቱ ነው የሚለው ላይ አልተግባቡም።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነው የምጠይቀው፣ ከሊባኖስ ጋር የተደረገው የባህር ወሰን ስምምነትስ?

መልስ፦ ጥቅምት 2022። ግንኙነት የሌላቸው፣ በጦርነት ላይ ያሉ አገሮች ናቸው፣ ለዛም አሜሪካ መሃል ገብታ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት ነው የጨረሱት። ጋዝ ይገኝበታል የተባለው ቃና የሚባለው ቦታ ከመስመሩ ያልፋል ተብሎ ስለታሰበ የእስራኤልን ድርሻ የሚከፍለው ጋዙን የሚፈልገው ኩባንያ እንዲሆን ተደረገ፣ ሊባኖስ ለእስራኤል በቀጥታ አትከፍልም።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ሄዶ መገላገል አይሻልም?

መልስ፦ አንዳንዴ። ኬንያና ሶማሊያ በጥቅምት 2021 ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ወሰናቸውን ፈርዶላቸዋል፣ ኬንያ ግን አልቀበልም አለች። ፍርድ መስመር ይሰጥሃል፣ ጎረቤት አይሰጥህም።

ጥያቄ፦ ባህር የሌላት ኢትዮጵያን ይሄ ሁሉ ምን አገባት?

መልስ፦ ያገባታል ወንድሜ። ዕቃችን የሚያልፈው በዚሁ ባህር ነው። በጥር 2009 የባህር ላይ ውንብድናን ለመከላከል የጅቡቲው የስነ ምግባር ደንብ ሲፈረም መጀመሪያ ከፈረሙት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፣ ኬንያና ሶማሊያም እዛው ወረቀት ላይ አሉ፣ ወሰናቸው ገና ሳይለይ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በጀልባ ባህሩን ተሻግሮ ነው የመን የገባው። ጀልባ በተጣሉበት ባህር ላይ ብትሰጥም የማን ሃላፊነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባልሽ። ህጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፣ የራሱን መርከብና ሰራተኞች ከባድ አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ የጭንቀት ጥሪ የሰማ ካፒቴን መሄድ አለበት፣ ባህሩ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። አገሮቹም የነፍስ አድን ቀጠና ሲከፋፈሉ የ1979ኙ የፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት ይሄ ክፍፍል የአገሮችን ወሰን አይነካም ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ያልኳት ቃል እዚህም አለች። የተጣላ መንግስት እንኳን የነፍስ አድን ጀልባ ሲልክ ድንበሩን ለቀቀ አይባልም፣ ስለዚህ አልላክንም ለሚል ድንበሩ ምክንያት አይሆነውም።