«ተለዋዋጭ» የማይለወጥበት ጊዜ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። «ሀ + 5 = 12» ከተባለ ሀ ከ7 ውጭ ሌላ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ለምን «ተለዋዋጭ» ይባላል? ተማሪዎቼ «የማይለወጠው ተለዋዋጭ» እያሉ ይቀልዱበታል።

መልስ፦ ቀልዳቸው ልክ ነው። እዚህ ሀ ያልታወቀ ቁጥር ነው፤ ስሙን የተዋሰው ከሌላ ሥራ ነው። አንድ ኪሎ ድንች 30 ብር ነው እንበልና «ዋጋ = 30 × ኪሎ» ብለን ብንጽፍ፣ ኪሎው ሲለወጥ ዋጋውም ይለወጣል። «ተለዋዋጭ» የሚያምርበት እዚህ ላይ ነው።

በታሪክ የቀደመውም ያልታወቀው ነው። የአልጀብራው ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ሲጽፍ የሚፈለገውን ቁጥር «ጂዝር» (ሥር) ወይም «ሸይእ» ይለው ነበር። ሸይእ «ነገር» ማለት ነው፤ በእኛ የጨዋታ አማርኛ «እንትን» ብንለው አያስወቅስም። ጣልያኖችም «ኮዛ» ብለው ያንኑ ተረጎሙት። ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ደካርት ኤክስ፣ ዋይና ዜድን ለማይታወቁት የመደበው በ1637 እ.ኤ.አ. ነው። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ ደግሞ በ1718 እ.ኤ.አ. ፈንክሽንን (እንደ ዋጋና ኪሎው ያለ ዝምድናን) ሲበይን «ተለዋዋጭ መጠን» አለ።

ወደ ግሱ እንመለስ። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ግእዙን «ወለጠ»ን የሚያውቅ ከአጠገብዎ አይጠፋም። አማርኛ ወ እና ለን አቀያይሮ «ለወጠ» አለው። «ተውላጠ ስም»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው፤ «እሱ» በስም ቦታ እንደሚገባ፣ ሀም በቁጥር ቦታ ይገባል።

ችግሩ «ተለዋወጠ» ሁለት ፍች መያዙ ነው፦ «አየሩ ተለዋወጠ» (ደጋግሞ ተለወጠ) እና «ስጦታ ተለዋወጡ» (እርስ በርስ)። «ደጋግሞ»ን የያዘ ተማሪ «3ሀ + ሀ = 20» ሲሰጠው የፊተኛውን ሀ 6፣ የኋለኛውን 2 ያደርግና «18 + 2 = 20» ብሎ ይገላገላል። ድምሩ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስሕተት፤ ሀ 5 ነው። ለዚህ ከ«እሱ» ይልቅ የጸሎት መጽሐፉ «እገሌ» ይሻላል፦ አንዴ «ወለተ ማርያም» ብለው ከገቡ እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ ያው ናት፤ በሚቀጥለው ጸሎት ሌላ ስም ይገባል።

ስለዚህ እኩልታ ሲያስፈቱ «ያልታወቀው ቁጥር»፣ ዝምድና ሲያሳዩ «ተለዋዋጭ»፣ «ሀ + ለ = ለ + ሀ» ሲሉ ደግሞ «ማንኛውም ቁጥር» ይበሉ። «ተለዋጭ» የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ወደ «ምትክ» ያደላል፣ አልመክረውም። «ተለዋዋጭ»ን ጨርሰው አይጣሉት፤ ፈተናው ላይ የሚመጣው እሱ ነው።