ለሁለት ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው

ባለፈው እትም ስለ ልጄ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ዝግጅት ክፍሉ የመጡት ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ኦቲዝም፣ የልጅን አነጋገርና ከሰው ጋር መግባባት ከሌላው ልጅ ስለሚለየው የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ናቸው። ስለ አማትና ስለ ልጆች ጥናት የጠየቃችሁኝ ለዚህ ወር ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ፣ አሁን 19 ዓመት የሞላውን ልጄን ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ።

«እትዬ፣ ወንድ ልጄ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። በዓመት ከመንፈቁ ‹እማ›፣ ‹ውሃ› ይል ነበር፤ ቀስ በቀስ ተወው። ስሙን ስጠራው አይዞርም። የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ቀኑን ሙሉ የድስት ክዳን ሲያሾር ይውላል። ጤና ጣቢያ ‹ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል› አሉኝ። አማቴ መንፈስ ነው ብለው ጠበል ሊወስዱት ነው። ባለቤቴ ዝም ብሏል። አዲስ አበባ ማዕከል አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ቤቴን ሸጬ ልምጣ?»
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

ቤትሽን አትሽጪ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

«ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ሁለት ዓመት እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። የሚዘገይ ልጅ አለ፣ አልክድም። አፉ ብቻ የዘገየ ልጅ ግን በጣቱ ይጠቁማል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ አንቺም እንድታዪለት ቀሚስሽን ይጎትታል። የያዘውን ቃል የጣለ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሺና ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሕፃናት ሐኪም የሚመራሽን ወረቀት ጠይቂ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ወፍጮ የሚያስሮጠው ልጅ እንዴት መስማት ያቅተዋል ትዪ ይሆናል፤ አንዱን ድምፅ እየሰማ ሌላው የሚያመልጠው ልጅ አለ። ከመሄድሽ በፊት በደብተር ጻፊ፦ ቃላቱን መቼ እንደተወ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ፈዞ የሚቀርበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ እንዳለ። የመጨረሻዋን አትርሺ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ቀላል የማይባሉት የሚጥል በሽታም ይኖርባቸዋል፤ ለእርሱ መድኃኒት አለው። ኦቲዝምን የሚያድን ክኒን ግን የለም። አለ ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው የሚፈልገው ገንዘብሽን ነው።

በጠበሉ ከአማትሽ ጋር አላጣላሽም። እኔም ሄጃለሁ። ልጄ ውሃው ራሱ ላይ ሲፈስበት ነፍሱ እስክትወጣ ጮኸ፤ ሦስት ጎልማሶች እጅና እግሩን ሊይዙልኝ ተነሡ። አንድ አረጋዊ ካህን ከለከሏቸው። ውሃውን በመዳፋቸው ይዘው አጠገቡ ተቀመጡና ራሱ እስኪነካው ጠበቁ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ነካው። ስለዚህ አብረሽ ሂጂ፤ ብቻውን ግን አትላኪው። ማሰር የለም፣ መምታት የለም፣ ማስራብ የለም፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ የለም። እርግማን ነው የሚልሽ ካለ ደግሞ ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም ነበር በይው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ ልጆች ከጻፈ በኋላ፣ እናቲቱ ልጇን ስላልወደደች ነው እያሉ ለብዙ ዓመታት በእናት ሲያላክኩ ኖረዋል። ሐሰት መሆኑ እስኪታወቅ ስንቷ እናት አንገቷን ደፋች!

አሁን ወደ አዲስ አበባው እንምጣ። አዎ፣ ማዕከል አለ። የውበት ሥራ ባለሙያዋ ዘሚ የኑስ ለኦቲስቲክ ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። የፊደላችንን ድምፆች አፍ ለማስፈታት የምታስተምርበትን ዘዴም «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብላ ሰየመችው። በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ ኦቲዝም የሚለውን ቃል በየቤቱ ያስገባችው እርሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ነገር ግን ቦታው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም ነው። ቤት ሸጦ መጥቶ፣ ኪራይ እየከፈሉ ወረፋ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያዩ እናቶችን አውቃለሁ። ለጥቂት ቀን ነይ፤ አስመርምሪው፣ ስሙን አስመዝግቢ፣ ልጆቹን እንዴት እንደሚይዟቸው ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ፣ ተመለሺ። ዘመድሽ፣ ግቢሽ፣ የሚያውቅሽ ጎረቤት እዚያው ደብረ ብርሃን ነው፤ ይህ ሀብት ነው።

ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደኛ ዓይነት ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። በአገራችንም ተሞክሯል። ልዩ ሐኪም ሳይሆን ሠልጥኖ የመጣ ተራ ሰው ሊሰጠው እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። የሚያስተምረውም ውድ መጫወቻ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ከምትውዪበት ሥራ ጋር ነው። ክዳኑን አትንጠቂው። ሌላ ክዳን ይዘሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪና አንቺም አሹሪ። አንድ ቀን እጁን ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ተራ መቀባበል ጀመራችሁ ማለት ነው። ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆውን ወደ ፊትሽ አስጠግተሽ «ውሃ» በዪና እስከ አምስት ቁጠሪ። ድምፅ ካወጣ፣ ጣቱን ካነሣ፣ ካየሽ ወዲያው ስጪው። ምንም ባይልም ስጪው፤ ልጅ በጥም አይማርም። ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ይሁን። እኔ ልጄን «ስጠኝ» እና «እንካ» ያስተማርኩት በምስር ነው፤ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ባለቤትሽ ዝም ማለቱ ጥላቻ አይምሰልሽ። የእኔም ባለቤት አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አለ። አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ ጎማ ዥዋዥዌ ሠርቶ ግቢያችን ካለው ዛፍ ላይ ሰቀለ። ንግግሩ እርሱ ነበር። ለባልሽም ሥራ ስጪው።

ስለራስሽ አንዲት ቃል አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ልጠይቅሽ፦ ልጁን ለሁለት ሰዓት የሚይዝልሽ ሰው አለ? እኔ አልነበረኝም። ጸጉሬን እንኳ የምታጠበው እርሱ ሲተኛ ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ ሴቶቹ «ምን እንርዳሽ?» ሲሉኝ፣ እንደወትሮው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ማለፍ ስችል አፌ ላይ ሌላ መጣልኝ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያዙልኝ» አልኩ። ጸጥ አሉ። ፈርተው ነበር፤ ልጁን ጠልተው አይደለም፣ ምን እንደሚያደርጉት አያውቁም። ለአንዷ አሳየኋት፤ እርሷ ለሌላዋ አሳየች።

ከዚያ ድፍረቴ ጨምሮ ወደ ዕድራችን ሄድኩ። ዳኛው «ዕድር ለሞተ ነው» አሉኝ። «እኔ እስክሞት ልትጠብቁኝ ነው?» ብዬ ተናገርኩ፤ ዛሬም ባለመከበራቸው ቅር ይላቸዋል፣ እኔም በቃሌ እጸጸታለሁ። ገንዘብ አልሰጡንም። የዕቃ ቤቱን ግን ቅዳሜ ጠዋት ለእኔና ለሦስት እናቶች ከፈቱልን፤ ልጆቻችንን እዚያ እናውላለን። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ ስለተሸበሩ ወደ አንዷ ሳሎን ተዛወርን። መስከረም ላይ ተመለስን።

«እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የአራት ዓመት ልጃችን ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪሙ ነግሮናል። ለትምህርት ቤት ከተናገርን መዝገቡ ላይ ይሰፍርበታል ብለን ፈራን። እንግሊዝኛችን ስብሰባ ላይ አያወጣንም። ባለቤቴ ክትባት ነው ያመጣው ብላ ታናሽየዋን አላስከትብም ብላለች። ቤተ ክርስቲያንም ልጁ ሲጮህ ሰው እየዞረ ሲያየን መሄድ ተውን።»
አባት፣ የሌሊት ሾፌር

ወንድሜ፣ ታናሽ እህቴ በእናንተው አካባቢ ለትምህርት ቤቶች ታስተረጉማለች። የሚከተለውን እርሷ እያነበበችልኝ ነው የጻፍኩት።

ከክትባቱ ልጀምር፤ ትንሿ ልጅ መጠበቅ የለባትም። ወሬው የመጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጣው አንድ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ጽሑፉን የመራው ሐኪምም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ለባለቤትዎ ሲነግሯት ግን አይገሥጿት። ሰው ምክንያት ፍለጋ የሚደክመው ልጁን ስለሚወድ ነው።

መዝገቡን አይፍሩ፤ እዚያ አገር በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ትምህርት የሚያረጋግጠው የፌዴራል ሕግ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በመኖሪያው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በነፃ ይገመገማል። በአጭር ደብዳቤ ወይም በኢሜይል «ልጄ ለልዩ ትምህርት እንዲገመገምልኝ እጠይቃለሁ» ብለው ቀን ጽፈው ይላኩ፤ ግልባጩን ያስቀምጡ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ የአጎት ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። የምትኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚሆኑ ጽሑፎችን በአማርኛም ስለሚያዘጋጅ በአማርኛ ስጡኝ ይበሉ።

ከግምገማው በኋላ አይ ኢ ፒ የሚባለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። በሜሪላንድ የሚነጋገሩበትን ሰነድ ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀን በፊት ሊሰጧችሁ ይገባል። ሲያነቡት ያማረውን ቃል ይለፉና ቁጥሩን ይፈልጉ፦ የንግግር ሕክምናው በሳምንት ስንት ደቂቃ ነው? ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? እህቴን የሚያንገበግባት ነገር ይህ ነው፦ የእኛ ሰው በይሉኝታ ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ አዎ» ይላል፤ እነርሱ ያን ስምምነት ብለው ይጽፉታል። ካልገባዎት አዎ አይበሉ። «ወደ ቤት ወስጄ አነበዋለሁ» ይበሉ፤ እዚያ አገር ማንም አይቀየምዎትም።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ ለኦቲስቲክ ልጆች የአገልግሎት ፕሮግራም አላት፤ ኦቲዝም ዌቨር ይሉታል። ወረፋው ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ስሙን ያስመዝግቡ። ከአገልግሎቶቹ አንዱ ለቤተሰብ ፋታ መስጠት ነው፤ ይኸውም እኔ ቡና ላይ የለመንኩት፣ ልጁን ለጥቂት ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ በመንግሥት ወጪ ማለት ነው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

ቤተ ክርስቲያኑን አይተዉ። ከአንድ ዲያቆን ጋር አስቀድመው ይነጋገሩና ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ለቁርባን ሰዓት ብቻ ይግቡ። በሩ አጠገብ ይቁሙ። የሚዞር ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በአራተኛው ይሰለቸዋል።

«ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ልጅ ሌሊት ይጮኻል፣ ወለሉን ይደበድባል። እናቱ ብቻዋን ናት፤ ደረጃ ላይ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች። ለኮሚቴው ልከሳት አልፈልግም፤ እንቅልፍ ግን አጣሁ። ምን ልበላት?»
ጡረተኛ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም

አባቴ፣ እንዴት አደርሽ ይበሏት፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። በሌላ ቀን የልጁን ስም ይጠይቋት፤ ከዚያ ሲያገኙት በስሙ ሰላም ይበሉት፣ መልስ ግን አይጠብቁ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች እንቅልፋቸው ጥቂት ነው፤ እርሷም እንደ እርስዎ ሳትተኛ ነው ያደረችው፣ በዚያ ላይ ደግሞ አፍራ። ጩኸቱን ባያስቆሙትም፣ ሌሊት ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ብታነጥፍ ደስ እንደሚልዎት ከተግባባችሁ በኋላ ሊነግሯት ይችላሉ።

የግቢውን ጥበቃ ግን ዛሬውኑ ያነጋግሯቸው። እነዚህ ልጆች በር ክፍት ካገኙ ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹንም ውሃ ይስባቸዋል። ጥበቃዎቹ ልጁን በመልክ ይወቁት፤ ሲያዩት እጁን አፈፍ ሳያደርጉ አብረውት እየሄዱ ለእናቱ ይደውሉ።

እኛ ቤት ከታች የሚኖሩት እመት ቡና ሊወቅጡ ሲሉ አስቀድመው የብረት በሩን በጣታቸው ሁለት ጊዜ ይነኩታል። ልጄ ያን ሲሰማ ተነሥቶ የጆሮ ማዳመጫውን ያጠልቃል። አሁን አሁን ማዳመጫውን አጥልቆ ወደ ታች ይወርድና ሙቀጫው አጠገብ ይቀመጣል፤ እርሳቸውም እስኪደላደል ይጠብቁታል።