ጥያቄና መልስ፦ ጀበና የያዘው እጅ ብረት ሲሆን

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ ሰው ካሜራ ፊት ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ተመልካች እንዲያምን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር አጭር የሳይንስ ልብወለድ ፊልም እየሠራን ነው። ልጅቷ ቡና ስትቀዳ እጇ ወደ ብረት ይለወጣል። ያለን ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነጻው ዓይነት ነው። የሥጋውን እጅ እያደበዘዝን የብረቱን ስናመጣ ስላይድ ሾው መሰለብን። ምን ይሻላል? — ከሆጤ፣ ደሴ

መልስ፦ ችግሩ እጁ በአንዴ መለወጡ ነው። ዓይን ለውጡ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከጣቷ ጫፍ ይጀምርና ወደ አንጓዋ ይውጣ።

ሪዞልቭ ውስጥ ፊውዥን የሚባል የኢፌክት መሥሪያ ገጽ አለ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ስለተካተተ ሌላ ሶፍትዌር አትፈልጉም። መጀመሪያ ያንኑ ሾት አባዙትና እጁን ብቻ በማስክ፣ ማለትም ዙሪያውን በሚከበብ መስመር፣ ለዩት። ቀለሙን አጥፉ፣ ኮንትራስቱን ከፍ አድርጉ፣ ጥላው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሩ። ከራሱ ከሾቱ ስለወጣ እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው እጅ ጋር አንድ ነው። ከዚያ እናታችሁ ቤት ያለውን የተጫጫረ የድስት ክዳን ፎቶ አንሱና ኦቨርሌይ በሚባለው የምስል መደረቢያ ዘዴ ደርቡበት። እውነተኛ ጭረት ከተዘጋጀ ቴክስቸር ይበልጣል።

ቀጥሎ ፋስት ኖይዝ የሚለውን ኖድ አምጡ፤ ኖድ ማለት ፊውዥን ውስጥ አንድ ሥራ የሚሠራ ሳጥን ነው። ጥቁርና ነጭ ደመና ይሰጣችኋል። ጠርዙ ቁርጥ ብሎ እስኪታይ ኮንትራስቱን ጨምሩ። ብራይትነሱን ከጥቁር ወደ ነጭ በ50 ፍሬም፣ ማለትም በ50 ነጠላ ምስል፣ አንቀሳቅሱ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ 2 ሰከንድ ማለት ነው። ነጩ፣ ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ቡና እየሰፋ ይሄዳል። ነጭ በሆነበት ብረቱ ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ቆዳው ይቀራል። ከጣት ወደ አንጓ ቀስ በቀስ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሄድ ግራዲየንት ስትቀላቅሉበት ደግሞ አቅጣጫ ያገኛል።

ማስኩንም የክዳኑን ፎቶም እንቅስቃሴን በሚከታተለው ፕላናር ትራከር እጁ ላይ አጣብቋቸው። እጁ ተንቀሳቅሶ ማስኩ ባለበት ከቀረ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

አንድ በጣም የምወደውን ነገር ልጨምር። ብረቱ ከመድረሱ በፊት ቆዳው ትንሽ እብጥ ይበል። ያንኑ ኖይዝ ምስሉን ለሚገፋው ዲስፕሌስ ኖድ ስጡትና ከብረቱና ከቆዳው ድንበር ጥቂት ፍሬም ይቅደም። ጥፍሯ ስር ያለው ሥጋ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው ሳያስበው የራሱን ጣት ይነካል። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ እዚህች ላይ ልፉ።

የዕጣኑን ጭስ ግን ከእጁ ጋር አብራችሁ አትቅረጹት፣ ትራከሩን ያሳስተዋል። ለብቻው ጥቁር ጨርቅ ፊት ለፊት ቅረጹትና መጨረሻ ላይ ስክሪን በሚባለው የመደረቢያ ዘዴ ደርቡት። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ጭሱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ነገር እየሠራሁ ነው። ድንበሩ ላይ ብርቱካናማ ግሎው (የሚፈካ ብርሃን) አደረግኩ። ያምራል፣ ግን የተለጠፈ ይመስላል። — ወንድምህ ከቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ብርሃን ካለ የሚያርፍበት ነገር መኖር አለበት። እጁ እየጋለ አጠገቡ ያለው ዕቃ ካልበራ ዓይን ወዲያው ይነቃል። ስትቀርጽ አንድ ሰው የስልኩን መብራት በብርቱካናማ ፌስታል ሸፍኖ ከእጁ አጠገብ ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ። ሲኒው ከንፈር ላይ የምታርፈው ትንሽ ነጥብ ኮምፒውተር ላይ ከሰዓታት ልፋት ታሳርፍሃለች። የለውጡ ግማሽ ሥራ ቀረጻው ላይ ነው ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው። ግሎውን ደግሞ በግማሽ ቀንሰው።

ጥያቄ፦ ጦሳ ላይ ሰውየው ትቢያ ሆኖ ሲበተን የሚያሳይ ሾት ቀረጽን። ሲጠፋ ከኋላው ያለው አይገጥምም። — ከፒያሳ፣ ደሴ

መልስ፦ ሰውየው ሲጠፋ ከኋላው የነበረው መታየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ሰው የሌለበት ሾት ያስፈልጋል፤ ክሊን ፕሌት የሚባለው ነው። የጦሳን ጉም ታውቀዋለህ፣ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ከተማዋን ይሸፍናታል። ባዶውን ሾት ዘግይታችሁ የወሰዳችሁት ይመስለኛል። በሚቀጥለው ተዋናዩ ከፍሬም እንደወጣ፣ ካሜራው ሳይነካ፣ 10 ሰከንድ ቅዱ። ትራይፖድ ግድ ነው። ፎከስ፣ ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ ይቆለፉ፤ አለበለዚያ ስልኩ በራሱ ጊዜ ብርሃኑን ይቀይረዋል። ለአሁኑ፣ ሰውየው ከመግባቱ በፊት የተቀረጸች አንዲት ፍሬም ካለች እሷን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ልጆች ክፍል ውስጥ የቀረጹት ቪዲዮ ብልጭ ድርግም ይላል። ኢፌክት ሲጨምሩበት ደግሞ ባሰ። — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መምህር፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስልክዎ ካሜራውን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል ፕሮ ሞድ ካለው ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ይቅረጹ። በመስኮት ብርሃን መቅረጽ ከቻሉማ በጣም ጥሩ።

ጥያቄ፦ ሬንደር፣ ማለትም የተቀናበረውን ቪዲዮ ማውጣት፣ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። ላፕቶፔ ደግሞ ባትሪው ሞቷል። — ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ በቪዲዮ ፋይል አታውጣው። ኢኤክስአር ወይም ቲፍ በሚባለው ዓይነት፣ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ምስል አድርገህ አውጣ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 5 ሰከንድ 125 ምስል ይሆናል። ቦታ ይበላል፣ ግን 90ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ የወጡት ዲስክህ ላይ አሉ። ሲመለስ ከ90ኛው ጀምር፤ ሲጻፍ የነበረው ምስል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።