ወይን ጠጅና ነጭ፣ ከዚያስ አረንጓዴ ወይስ ቢጫ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ለእህትሽ ልጅ ምርቃት የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል የሚያስታውስ ካልሲ በመርፌና በክር ልትሠሪላት አስበሻል። ግን አንዱ ጋ ወይን ጠጅ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሌላው ጋ ወይን ጠጅ፣ ነጭና ቢጫ አይተሽ ግራ ገብቶሻል። ሁለቱም ልክ ነው። የሚለየው አገሩ ነው።

አረንጓዴው የእንግሊዞቹ ነው። ኤመሊን ፓንክኸርስት በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማንችስተር ላይ ከልጆቿ ጋር ያቋቋመችው ማኅበር ቀለሞቹን በ1908 መረጠ። ወይን ጠጁ ክብር፣ ነጩ ንጽሕና፣ አረንጓዴው ተስፋ ነው። ቢጫው የአሜሪካኖቹ ነው። በ1867 ካንሳስ ላይ የሱፍ አበባን ምልክታቸው ካደረጉበት ጊዜ የመጣ ነው። ልጅቷ አሜሪካ ካደገች ቢጫውን ብትመርጪ አያስወቅስሽም።

እኔ ግን ሁሌም አረንጓዴውን ነው የምሠራው። ምክንያቴ ሲልቪያ ናት፣ የኤመሊን ልጅ። ጣሊያን ሲወረን ከ1936 ጀምሮ በጋዜጣዋ የተሟገተችልን፣ በ1956 አዲስ አበባ ገብታ በ1960 ያረፈችው፣ ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቻችን ጋር የተቀበረችው ሲልቪያ። ሠዓሊም ነበረች። በትግሉ ታስረው ከለንደኑ ሆሎዌይ እስር ቤት ለሚወጡት ሴቶች ይሰጥ የነበረውን የደረት ጌጥ የነደፈችው እሷ ናት። ጌጡ ላይ በሦስቱ ቀለማት የተሠራው ቀስት ያኔ እስረኛ ልብስ ላይ ይታተም የነበረው ምልክት ነው። ማዋረጃውን ማዕረግ አደረጉት! እኔም ካልሲዬ ላይ የማወጣው ይህንኑ ቀስት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በ64 ዓይን (መርፌው ላይ በሚያዝ የክር ቀለበት) እጀምራለሁ። ቀስቱ ከነክፍተቱ 8 ዓይን ስለሚወስድ ዙሪያውን ስምንት ቀስት ይወጣል። መደቡ ወይን ጠጅ፣ ቀስቱ ነጭ፣ አንገቱ፣ ተረከዙና ጣቱ አረንጓዴ። ነጩን እግር ሥር አታድርጊው፣ ወዲያው ይቆሽሻል።

የሚያስቸግረው ከውስጥ የሚያልፈው ክር ነው። የቀስቱ ጫፍ ላይ ነጩ አንድ ዓይን ብቻ ይሠራና ሰባት ዓይን ዘሎ ያልፋል። እዚያ ላይ ከሳብሽው ካልሲው አይለጠጥም፣ ተረከዝም አያስገባም። የመጀመሪያዬን ሦስት ሳምንት ለፍቼበት ቁርጭምጭሚት ላይ ቀጥ አለ። ሙሉውን ፈታሁት። አሁን ካልሲውን ገልብጬ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ ነው የምሠራው። ያኔ የሚያልፈው ክር በውጭ በኩል ስለሚዞር ራሱ ይረዝማል። አራተኛው ዓይን ላይ ደግሞ ከወይን ጠጁ ጋር አንዴ አቆላልፊው። ሌላውን በ2.25 ሚሊሜትር መርፌ ከሠራሽ ቀስቱ ጋ ስትደርሺ ወደ 2.5 ቀይሪ።

ወይን ጠጁን ክር ሳትጀምሪ ፈትኚው፣ አደራ! ከነጭ ጨርቅ ጋር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢው። እኔ ሳልፈትን ሠርቼ በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ቀስት ሁሉ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ሆኖብኛል። ስጦታ ነበር፣ አለቀስኩ።

አንገቱንም ሁለት ቀና ሁለት ግልብጥ እያደረግሽ ቢያንስ 6 ሳንቲሜትር አስረዝሚው። ሲልቪያ በ1906 ሆሎዌይ ስትገባ የሰጧት ካልሲ ወፍራም፣ የሚኮሰኩስ፣ ጥቁር ላይ ቀይ መስመር የዞረበት ነበር። ማሰሪያ ስላልነበረው እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይከመር እንደነበር ጽፋለች። አንገት በሠራሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። የልጅቷ ካልሲ ቀጥ ብሎ ይቁምላት።

ቀስቱን ካሬ ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ። የምትፈልጊው ከሆነ ማታ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።