ጠላቂውና የመስታወቱ ጀልባ በአንድ መርከብ ላይ

ጥያቄ፦ በኦገስት ቤተሰቡን ይዘን ከቶሮንቶ ወደ ቶበርሞሪ ልንሄድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ የስኩባ (በአየር ሲሊንደር የመጥለቅ) ካርድ አውጥቷል፤ ስዊፕስቴክስ የምትባለውን የሰመጠች መርከብ ጠልቆ ለማየት ጓጉቷል። እናታችን፣ ልጆቹና እኔ ደግሞ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ እዚያው ላይ እንዞራለን። እናቴ «የኛው ጀልባ ልጄ ላይ ቢወጣስ?» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንዱን ቦታ እንዴት ነው የሚካፈሉት? (ከስካርቦሮ)

መልስ፦ እናትዎ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታው ጠባብ ነው። ስዊፕስቴክስ እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራች፣ 36 ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ናት። በ1885 ኮቭ ደሴት አጠገብ ተጎድታ ቢግ ተብ ወደተባለው ወደብ በጉተታ ገባች፤ እዚያው ሰጠመች። የተኛችው ከወደቡ ጫፍ 50 ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ስድስት ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። በዚያው ወደብ ውስጥ በ1907 እሳት የበላት ሲቲ ኦፍ ግራንድ ራፒድስ የተባለች የእንፋሎት መርከብም አለች። የሂዩሮን ሐይቅ ውሃ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ እስካሁን በተመዘገበው ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ መካከል ሁለት ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ውሃው ሲጎድል ጀልባ ከላይ ሲመጣ ጠላቂ የሚሸሽበት ቦታም አብሮ ይጎድላል።

ስለዚህ ቦታውን የሚካፈሉት በሰዓት ነው። ስፍራው ፋተም ፋይቭ የተባለው ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ክልል ሲሆን የሚያስተዳድረው ፓርክስ ካናዳ ነው። ጠላቂ ሁሉ ከመጥለቁ በፊት እዚያ ይመዘገባል። ወንድምዎ ሲመዘገብ በቢግ ተብ ለጠላቂና ለጀልባ የተመደበውን የሰዓት ሰሌዳ ይጠይቅ፤ ፎቶ አንስቶ ይያዘው።

ትልቁ ነገር ግን ሰሌዳውን ማወቁ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ሆኖ ማክበሩ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ጠላቂውን የሚያስወጣው አየሩ ወይም የጥልቀት ገደቡ ነው። እዚህ ሁለቱም አያስወጡትም። ስሌቱን እንይ፦ 11 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,200 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባሩን ለመጠባበቂያ ስንተው 1,650 ሊትር ይቀራል። በገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ስድስት ሜትር ላይ ግፊቱ 1.6 እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 32 ሊትር ይጨርሳል። ይህ ከ50 ደቂቃ በላይ ያቆየዋል፤ ጀልባው ግን የአየር መለኪያውን አያይለትም። ስለዚህ እቅዱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያውጣ። የጠላቂዎች ሰዓት የሚያበቃው ለምሳሌ 4፡00 ላይ ከሆነ፣ 3፡40 ላይ መርከቧን ትቶ ፊቱን ወደ ዳር ያዙር፤ 3፡50 ላይ ከውሃ ወጥቶ ይቁም። የእጅ ሰዓቱ ላይ ማንቂያ ይሙላ፤ አብሮት የሚጠልቀውም እንዲሁ።

«ሞተሩን ስሰማ እሸሻለሁ» ብሎ እንዳይተማመን። ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚደርሰው እኩል ስለሚመስል ሞተሩ ጭንቅላት ውስጥ የሚጮህ ይመስላል እንጂ ከግራ ይምጣ ከቀኝ አይለይም። ሲሰማ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ወደ ላይ አለመውጣት። ባለበት ጥልቀት ይቆይ፣ ወደ መርከቧ ጎን ይጠጋ፣ ድምፁ ራቅ እስኪል ይጠብቅ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን እያየ፣ በደቂቃ ከዘጠኝ ሜትር ባልፈጠነ አወጣጥ ይውጣ።

አዲስ ጠላቂዎች ሳይፈልጉ የሚንሳፈፉበት ምክንያትም አለ፤ ይህን አበክረን እንነግርዎታለን። ከሲሊንደሩ ያለቀው 1,650 ሊትር አየር ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠላቂው እንዳይንሳፈፍ የሚታጠቀው የእርሳስ ክብደት ሲጠልቅ ልክ ቢሆንም፣ ሊወጣ ሲል ሁለት ኪሎ ይጎድለዋል ማለት ነው። ለቅዝቃዜው የሚለበሰው 7 ሚሊሜትር ልብስ ደግሞ ጥልቀቱ ሲቀንስ ይነፋል። ሁለቱ ተደምረው፣ ጀልባው በሚመጣበት በዚያው ሰዓት ልጁን እንደ ቡሽ ወደ ላይ ይሰዱታል። መፍትሔው ክብደትን በባዶ ሲሊንደር መለካት ነው፦ 50 ባር ሲቀረው፣ የመንሳፈፊያ ሰደሪያውን አየር አስወጥቶ፣ እንደ ወትሮው ትንፋሽ ይዞ ሲቆም ውሃው ዓይኑ ላይ መድረስ አለበት። እሱ ከዚያ ከፍ ብሎ ከተንሳፈፈ እርሳስ ይጨምር።

ጥያቄ፦ ባንዲራውን ማን ነው የሚይዘው? የትኛው ነው ትክክለኛው? (ከዚያው ጠያቂ)

መልስ፦ ሁለት ናቸው። ጠላቂዎችን ያወረደ ጀልባ ሰማያዊና ነጩን «አልፋ» ባንዲራ ይሰቅላል። ጠላቂው ራሱ የሚጎትተው ተንሳፋፊ ደግሞ ነጭ ሆኖ፣ በላዩ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ቀይ ባንዲራ ይኖረዋል፤ በካናዳ ደንብ የባንዲራው ጎን ከ50 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ሌሎች ጀልባዎች 100 ሜትር መራቅ አለባቸው፤ እንደ ቢግ ተብ ባለ ጠባብ ውሃ ያ ካልተቻለ በተቻለ መጠን ፍጥነት ቀንሰው በጥንቃቄ ያልፋሉ።

ተንሳፋፊው የሚጎተትበት ገመድ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ከወገብ ጋር ማያያዝ ነው፤ ፕሮፔለር ገመዱን ከጠቀለለው ሰውየውንም አብሮ ይጎትተዋል። በእጅ ብቻ ይያዝ፣ ሲወጠር ይለቀቅ። ሁለተኛው ገመዱን ከመርከቧ እንጨት ጋር አስሮ መዞር ነው። ባንዲራው ጠላቂው የሌለበትን ቦታ ያሳያል፣ እንጨቱም ይጎዳል። የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱ አንድ ተኩል ያህል ይሁን፤ እዚህ ዘጠኝ ወይም አሥር ሜትር ይበቃል። ትርፉ ይላላና እንጨት ላይ ይጠመጠማል።

ጥያቄ፦ በበጋው ወራት በጉብኝት ጀልባ ላይ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አንዳንዴ በእኛ ሰዓት ከሰመጠችው መርከብ ጎን የጠላቂ አረፋ ሲወጣ አያለሁ። ለካፒቴኑ ምን ልበል? (ከኦንታሪዮ)

መልስ፦ ወዲያውኑ «አረፋ፣ ከፊት በስተግራ፣ 20 ሜትር» ይበሉ፤ አቅጣጫና ርቀት አብረው ይነገሩ። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ከጀልባው አፍንጫ ሥር ያለውን ውሃ ስለማያይ ዓይኑ እርስዎ ነዎት። አረፋው ግን ያታልላል፦ ከስድስት ሜትር ገጽ ላይ ለመድረስ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ጠላቂው ስድስት ሰባት ሜትር ሄዷል። እርስዎ የሚያዩት የነበረበትን ነው። ሁለትና ሦስት አረፋ በተከታታይ አይተው ወዴት እንደሚሄድ ይገምቱ።

ማርሹ ዜሮ ላይ ቢሆንም ፕሮፔለሩ በዝግታ የሚዞርባቸው ጀልባዎች አሉ፤ የእርስዎ ከነዚህ አንዱ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ሞተር ማጥፋትም ሁልጊዜ መዳኛ አይደለም፤ ነፋስ ጀልባውን ወደ አረፋው ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው የካፒቴኑ ይሁን። የእርስዎ ሥራ ፕሮፔለሩ እንደገና ከመዞሩ በፊት አራቱንም ጎን፣ በተለይ የኋላውን ማየት ነው። ታች በመስታወቱ ጠላቂ ያየ ረዳት ካለም ለካፒቴኑ የሚደውልበት ወይም በሬዲዮ የሚናገርበት መንገድ ይኑረው፤ ደረጃ ወጥቶ እስኪናገር ዘግይቷል። ፀሐይ ውሃው ላይ ስታንጸባርቅ ፖላራይዝድ መነጽር ካላደረጉ አረፋ አይታይዎትም። የጠላቂዎቹ ጀልባ አጠገብ ካለ በቪኤችኤፍ (የጀልባ ሬዲዮ) ቻናል 16 ጠርታችሁ፣ ወደ ሌላ ቻናል ተዛውራችሁ «ስንት ሰው ከታች አለ?» በሉ። ባንዲራው እስካልወረደ ድረስ ሰው ከታች አለ ብላችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ከላይ ሆነን በትንፋሽ ቱቦ ብንዋኝስ? ወደ መርከቧ ውስጥስ መግባት ይቻላል? (ከኦታዋ)

መልስ፦ የሰዓቱ ሰሌዳ እናንተንም ይመለከታል። ገጽ ላይ የሚዋኝ ሰው እንዲያውም የባሰ ተጋላጭ ነው፤ ከፕሮፔለሩ እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ ከውሃው በላይ የሚታየውም ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ሰደሪያ ይልበሱ፤ ባንዲራ ያለበት ተንሳፋፊ ይጎትቱ። ልጆች ከአዋቂ ክንድ አይራቁ።

መርከቧ ውስጥ አይግቡ። ስዊፕስቴክስ ከ130 ዓመት በላይ የቆየችው ውሃው ቀዝቃዛና ጨው አልባ ስለሆነ፣ የባሕርን እንጨት የሚበላው ትልም ስለሌለበት ነው። የጠላቂ ትንፋሽ ግን ከወለሏ ሥር ይጠራቀምና ሳንቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ምስማሩንም ያዝገዋል። የፓርኩ ሠራተኞች ወለሏ እንዳይደረመስ ሲጠግኑት ኖረዋል። መልህቅ ይሳብበት የነበረው መጠምጠሚያ ዛሬም ወለሏ ላይ ቆሞ ይታያል። እሱን ለማየት ከላይ ሁለት ሜትር ርቆ መንሳፈፍ ይበቃል፤ የእግር ክንፉን ደለሉ ላይ ካላንቀሳቀሱ ውሃው ጠርቶ ይቆይልዎታል።