እሑድን ከልጆች ጋር በትንሽ ወጪ

ጥያቄ፦ የ5 እና የ9 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉን፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። እሑድ ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ይውላሉ። መዝናኛ ቦታ ልውሰዳቸው ብል ኪሳችን አይችለውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ወደ ግቢያችሁ ውረዱ። ለሰኞ ማክሰኞ ጠመኔና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። ለብይም ትንሽ አፈር ያለበት ቦታ ካገኛችሁ በቂ ነው። ግን ልጆቹን ብቻ አትላኪያቸው፤ አንቺም አባታቸውም አብራችሁ ተጫወቱ። ወላጅ ሲሸነፍ ማየት ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው!

ወጣ ማለት ሲያምራችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይሄንን ነው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን ቁመቷ ወደ 1.1 ሜትር ይገመታል፣ ማለትም ከትንሹ ልጅሽ ብዙም አትበልጥም። ከመሄዳችሁ በፊት ቁመቱን በሩ ላይ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። እዚያ ሲደርስ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ሲያስተያይ ታይዋለሽ። ትልቁ ደግሞ ጥያቄዎቹን ጽፎ ይሂድና አስጎብኚ ካገኛችሁ ይጠይቅ።

እንጦጦም ጥሩ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ይበርዳልና ሹራብ አትርሱ። ቆሎ፣ ዳቦና ውሃ ከቤት ያዙ፣ እዚያ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ትንሹ ሳይደክመው ተመለሱ።