የመጨረሻው ሴሚስተር፦ ጂሲዎች ይጠይቃሉ፣ ጋሽ ሬጅስትራር ይመልሳሉ

ሰላም ጂሲዎች፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች። ለማታውቁኝ፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ 11 ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ለቅቄያለሁ። ስለ ወረቀት ጠይቁኝ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አለሁ።

ሲቪል አምስተኛ፦ ጋሼ፣ የቀረን አራት ወር ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጋሼ፦ ምኑን? አጥብበህ ተመለስ።

ቅድስት፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ ላይ ስሜ በእንግሊዝኛ በ«ኬ» ነው የተጻፈው። ግቢ ግን በ«ኪው» መዝግቦኛል። ችግር ያመጣል?

ጋሼ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። አዎ፣ ያመጣል። በአማርኛ ያው አንዲት «ቅ» ናት፤ ኤምባሲ ወይም የውጭ ዩኒቨርሲቲ ፊት ስትቀርቢ ግን ሁለት ሰው ነሽ። ነገ ስቱደንት ኮፒ፣ የውጤትሽን ዝርዝር ወረቀት፣ አውጪ። ከ12ኛው ሰርተፍኬት፣ ከፋይዳሽ፣ ፓስፖርት ካለሽም ከሱ ጋር ጎን ለጎን ዘርግተሽ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። የራስሽን ብቻ አይደለም፣ የአባትሽንም የአያትሽንም። የልደት ዘመንሽንም እዪ፣ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ተደበላልቆ ያገኘሁት ፋይል ብዙ ነው።

ተማሪ እያለሽ ማመልከቻ ጽፈሽ ሰርተፍኬትሽን ካያያዝሽ ፋይሉ ላይ ይታረማል። ቴምፖው፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪው፣ ታትሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ አንዳንዴ የፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ ይጠየቃል። ስህተቱ ያለው ራሱ የ12ኛው ላይ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አይነካውም፤ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ነው የሚኬደው። አንዲት ልጅ ስኮላርሺፕ አግኝታ፣ የቪዛ ቀጠሮዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለአንድ «ኤች» ብላ ከጋምቤላ ሁለቴ ተመላልሳብኛለች። የተመራቂዎች የስም ማጣሪያ ቦርድ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። አንብባችሁ ፈርሙ!

የጅማው፦ መውጫ ፈተናውን ከወደቅኩ ምን ይውጠኛል?

ጋሼ፦ ዲግሪ የለም። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ካልመጣልህ በሚቀጥለው ዙር ትፈተናለህ። አጠናኑን ለሚያውቁት ተውኩት።

ነርሷ፦ እኔ ልመልስለት። መጀመሪያ ብሉፕሪንቱን ይዘህ የትኛው ኮርስ ስንት ጥያቄ እንደሚይዝ እይ። የሚጥሉን የሁለተኛ ዓመት ኮርሶች ናቸው፤ ሃንድአውታቸውን ጥለናላ! ሞዴል ፈተናውንም እንዳትቀር፣ ኮምፒውተር ላይ መፈተን በራሱ ልምድ ይፈልጋል።

ባች መሪ፦ ችከላ፣ ጥናት ብቻ አይሁን ጎበዝ። ከለር ደይ አለ፣ የባህል ቀን አለ፣ የኳስ ውድድሩ ጂሲ ካፕ አለ። ሕይወት አንዴ ናት።

የገበሬ ልጅ፦ ለአንተ ቀላል ነው። ለቲሸርት፣ ለመጽሔት፣ ለሱፍ እያላችሁ ስትሰበስቡ የሌለው የት ይግባ? አባቴ በሬ ሸጦ ሱፍ እንዲገዛልኝ ነው?

ባች መሪ፦ ማንም አላስገደደህም።

የገበሬ ልጅ፦ ያልከፈለ መጽሔቱ ላይ ፎቶው አይወጣም ያልከው ማን ነበር ታዲያ?

ነርሷ፦ ሱፍ ተከራይ። እኛ ዶርም አራት ሴቶች በሁለት ቀሚስ ነው የምንነሳው።

ጋሼ፦ የሱፉን ነገር ውስጥ መስመር ጨርሱት። ቀጣይ።

ጸጋዬ፦ ጋሼ፣ የእኔ ስም አንዱ ጋ በ«ቲኤስ» አንዱ ጋ በ«ኤስ» ነው። ችግር አለው?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ለማን ነው የጻፍኩት? ለቅድስት የመለስኩትን አንብብ። ቴምፖው ሳይታተም!

አካውንቲንግ፦ ኮስት ሼሪንጉን፣ የወጪ መጋራቱን ዕዳ፣ ካልከፈልን ዲግሪ አይሰጡንም የሚባለው እውነት ነው?

ጋሼ፦ ቴምፖ ይሰጥሃል፤ ኦርጅናሉ ዕዳህን እስክትዘጋ ይያዛል። ዕዳው የምግብና የመኝታ ሙሉ ወጪ ሲሆን ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ነው። በየዓመቱ የፈረምክበትን ውል ኮፒ ሰብስብ። የአንዱ ዓመት ሳይፈረም ቀርቶ ከሆነ አሁን ይታወቅ፣ ክሊራንስ ላይ፣ ከግቢ ስትወጣ ዕዳ የለብህም የሚለውን ፊርማ ስታሰባስብ፣ ደርሰህ አይደለም።

ሲቪል አምስተኛ፦ እሺ አጥብቤ መጣሁ። ክሊራንስ ላይ ብዙ ሰው የሚያዘው በምንድን ነው?

ጋሼ፦ አሁን ጠየቅህ። በመጽሐፍ ነው። አንዱ ልጅ ለጓደኛው በራሱ መታወቂያ የካልኩለስ መጽሐፍ አውጥቶለት ነበር፣ ያውም አንደኛ ዓመት እያሉ። ጓደኛው ዊዝድሮው ሞልቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። ልጁ ወላጆቹ ለምርቃት መጥተው ግቢ በር ላይ ሲጠብቁት እሱ ላይብረሪ መስኮት ላይ ይለምናል። መጽሐፉን መርካቶ አሮጌ ተራ አስፈልጎ ተካው። ፍራሽና የሎከር ቁልፍም አለ። በስማችሁ የወጣውን አሁን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ፍቅር በግቢ፦ ጋሼ፣ አራት ዓመት ዝም ብዬ ያየኋትን ልጅ አሁን ላናግራት?

ጋሼ፦ ይሄ በሬጅስትራር በኩል አያልፍም።

የጅማው፦ አናግራት ባክህ፣ ሰኔ ደረሰ።

ቅድስት፦ ጋሼ፣ ስቱደንት ኮፒ ከዚህ በፊት ያወጣሁት ነበር፣ አሁን ዘርግቼ አየሁት። የ«ኬ»ው ይቅርና የአያቴ ስም የሌላ ሰው ነው።

ጋሼ፦ ነገ ጠዋት 2:30 ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተገኚ፣ ሰልፉ ሳይረዝም። ኦርጅናሉን ሰርተፍኬትና ሦስት ኮፒ ያዢ። ማመልከቻሽን ሲቀበሉሽ የገቢ ቁጥሩን ሳትጽፊ እንዳትመጪ።